ሩብ ዙር

የአባቴ ፍሪጅ እጀታ መላላት የጀመረው መቼ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው በቤታችን የለም። መጀመሪያ ሲስቡት ትንሽ ወዝወዝ ይል ነበር። ቀጥሎ "ቋ" ማለት አመጣ። በመጨረሻ እህቴም እኔም እጀታውን ትተን የበሩን የላይኛውን ማዕዘን በጣታችን ፈልቅቀን መክፈት ለመድን። ማንም ይህን አድርጉ ያለን የለም፤ እንዲሁ በዝምታ ተስማማንበት።

አባቴ ግን በእጀታው መክፈቱን አልተወም። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የላስቲኩን ጠርዝ ቆንጥጦ መፈልቀቅ ለእሱ ከባድ ነው። ጠዋትና ማታ የሚወጋው የስኳር መድኃኒት ደግሞ እዚያው ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእንቁላል ማስቀመጫው ጎን ነው ያለው። ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ ያንን የላላ እጀታ ይስባል፣ ይገፋል።

ጣጣው የመጣው ከመግፋቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በሩን ገፋው፣ እጀታው "ቋ" አለ፣ አባቴም ተዘጋ ብሎ ሄደ። የሰማው ግን የእጀታውን ድምፅ እንጂ የበሩን አልነበረም። ማታ ይከፍታል፣ ይገፋል፣ "ቋ" ይላል። ጠዋት ይከፍታል፣ ይገፋል፣ "ቋ" ይላል። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ሳምንት በሩ ለሁለት ቀን አንዴም በደንብ አልገጠመም። መድኃኒቱ ተበላሸ። እሱ ያንኑ እየወጋ ቆየና በሦስተኛው ቀን ራሱ ዞሮበት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያው ተቀምጦ ያገኘው ሊጠይቀው የመጣው ጓደኛው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ ነው።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። የምትኖረው በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። በማግስቱ መጥታ የፍሪጁን ዕቃ ሁሉ አውጥታ ጣለች፣ አዲስ መድኃኒት አስገባች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ከአባቴ ፊት ተቀመጠች።

"ከእኔ ጋር ትሄዳለህ" አለችው። "ክፍል አለ። ልጆቹ ይወዱሃል። ፍሪጁን እኔ እከፍትልሃለሁ።"

"ፍሪጅ የሚከፈትለት ሰው ከሆንኩ በሚቀጥለው የምትከፍቺልኝ አፌን ነው።"

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም።"

"ማን ቀለደ? ጥፋቱ የእጀታው ነው። ላላ፣ አታለለኝ።"

"በየሳምንቱ ታጠብቀው የለ? ለምን ይላላል?" ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጥፋቱ የእጅህ ነው። አቅም የለውም፣ አያጠብቅም። ታመሃል ማለት ነውር አይደለም።"

አባቴ ቀኝ እጁን አንስቶ በግራው ሸፈነው። ይህን የሚያደርገው ሲከፋው ነው።

እህቴ ክፉ ሰው ናት ብላችሁ እንዳታስቡ። በሥራዋ ላይ ብቻውን የወደቀ ሽማግሌ ስታነሳ የምትውል ሰው ናት። እኔም ብሆን የምኖረው መሥሪያ ቤቴ አጠገብ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ነው፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር አልመጣም። "ተዪው፣ እኔ አለሁ" ብላት ውሸት ይሆን ነበር። ግን የአባቴም ነገር ይገባኛል። አርባ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁን ሲዘጋ ያን ከባድ የመቆራረጫ ወንበር በአራት ሰው አሸክሞ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አስወጥቶ ሳሎኑ መስኮት ሥር አስተከለው። የድሮ ደንበኞቹ ይመጣሉ፤ ፀጉር የሚቆርጣቸው የለም፣ ግን ተራ ጠብቀው ወንበሩ ላይ ይቀመጡና ወሬያቸውን አውርተው ይሄዳሉ። እህቴ ቤት ሲሄድ ያ ወንበር አብሮት አይሄድም። ሰዎቹም አይሄዱም።

ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ቀጠሮ ያዙ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴ ትመጣለች። እጀታው ጠብቆ ከቆያት፣ አባቴም እፊቷ በሩን ከፍቶ መድኃኒቱን አውጥቶ በደንብ ከዘጋው እዚያው ይኖራል። ካልሆነ ሻንጣ ይዛ ነው የምትመጣው።

"ቃል?" አለችው።

"ቃል፣ ሲስተር" አላት። ሲናደድባት ነው "ሲስተር" የሚላት።

ቅዳሜው ደረሰ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሥራ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ፍሪጁ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከፍሪጁ ጋር የመጣችውን፣ እንደታጠፈ ጣት የጎበጠች ትንሽ መፍቻ በእጁ ይዟል።

"መጣህ ዲግሪ?" አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ስሜ ይኸው ነው።

"እንዴት ነው?"

"ባለፈው ቅዳሜ አጠበቅኩት። ማክሰኞ ላላ። ረቡዕ አጠበቅኩት። ትናንት ላላ። ዛሬ ይለይልናል።"

እጀታው የክንድ ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ ነው። በሩ ላይ ከላይና ከታች ሁለት ጉጦች ተተክለዋል፤ ዘንጉ እነሱ ላይ ይጠለቅና የሩዝ ፍሬ በሚያካክሉ ሁለት ብሎኖች ከጎን ተጠርቆ ይያዛል። ብሎኖቹ ራስ የላቸውም፤ መፍቻዋ የምትገባበት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ደህና እጅ ያለውም ሰው ቀዳዳውን ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል።

አባቴ ግን ዘዴ ነበረው። ትንሿን ጣቱን በሩ ላይ አሳረፈ። ጢም ሲላጭ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ትንሿ ጣት ደንበኛው አገጭ ላይ ታርፋለች፣ ሌሎቹ በእሷ ላይ ተደግፈው ይሠራሉ። እጁ መንቀጥቀጡን አላቆመም፣ ግን መንቀጥቀጡ ከበሩ ጋር ሆነ። በሦስተኛው ሙከራ መፍቻዋ ገባች።

"እኔ ላድርገው" አልኩት።

"አንተ አጥብቀኸው ትሄዳለህ። ሰኞ ቢላላ ማንን ልጥራ? መሥሪያ ቤትህን?"

አጠበቀው፣ ነቀነቀው፣ ፀና። ፊቱን ሊታጠብ ሲሄድ ግን ፈራሁ። ዘጠኝ ሰዓት መድረሱ አይቀርም ነበር። መፍቻዋን አንስቼ የላይኛውን ብሎን ብሞክረው ገና ይዞር ነበር። እስኪቆም ድረስ አዞርኩት፤ የታችኛውንም እንዲሁ። መፍቻዋን ቦታዋ መለስኩና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

አባቴ ተመልሶ እጀታውን በሁለት ጣት ነካ አደረገው።

"ማነው ይህን የነካው?"

"ያው አንተ ነሃ።"

"እኔ ያጠበቅኩት እንዲህ ደርቆ አይቆምም።" ወደ እኔ ዞረ። "እህትህ እያየችኝ 'አባዬ አንተ ነህ ያጠበቅከው?' ብትለኝ ምን ልበላት? ለሷ እንድዋሽ ነው?"

"ይቅርታ አባዬ።"

"ይቅርታህን ያዝና አምፖሉን አብራልኝ።"

ተቀምጦ ሁለቱንም ብሎኖች መልሶ መፍታት ጀመረ። በሆዴ "አሁን ይህ ምን ይባላል" እያልኩ ቆሜ አየሁት። የታችኛውን ፈታ። የላይኛውንም ሲፈታ እጁ ከሚገባው በላይ ዞረችና ብሎኗ ወጥታ ወደቀች። ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ነጠረችና ፍሪጁ ሥር ገባች።

ሁለታችንም ተንበርክከን ሥሩን ማየት ጀመርን።

በዚህ መሃል ነው ፖስተኛው የቤቱን በር ገፍቶ የገባው። እንደ ልማዱ በቀጥታ ሄዶ የመቆራረጫው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ ኩሽናው ይታየዋል።

"ምን ጠፋባችሁ? ሁለት ሰው ተንበርክኮ?"

"ብሎን" አለ አባቴ።

"አርባ ዓመት ደብዳቤ ሳመላልስ አንዲት ፖስታ አልጠፋችብኝም፤ አንተ አንዲት ብሎን..."

"የኔን የልደት ካርድ ማን አጠፋው?"

"እሱ አድራሻው ተሳስቶ ነው።"

"ሰባት ቁጥር ላይ ነው የምኖረው። ሰባት ተሳስቶ ምን ይሆናል?"

"በላኪው የእጅ ጽሑፍ አንድም ይሆናል፣ መንጠቆም ይሆናል" አለ ፖስተኛው፤ ወዲያው ግን ተነስቶ የእጅ ባትሪውን ይዞልን መጣ።

ብሎኗ ግድግዳው ጥግ፣ አቧራ ውስጥ ነበረች። አባቴ ከጋዋኑ ኪስ ቀጭን ጅራት ያላትን ረጅም ማበጠሪያ አወጣ። ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቶ እጁን እስከ ብብቱ ፍሪጁ ሥር ሰደደ። ማበጠሪያዋ እየተንቀጠቀጠች ብሎኗን ትነካታለች፣ ታልፋታለች። "ፍሪጁን እናንሳው" አልኩ። "ዝም በል" አለ። ስንት ጊዜ እንደሞከረ አልቆጠርኩም። ሲወጣ ጋዋኑ በአቧራ ነጥቷል፤ ቀድሞም ነጭ ስለነበር ፖስተኛው "ምንም አልቆሸሸም" አለው። ብሎኗ መዳፉ ላይ ነበረች።

ተቀብዬ ላጸዳት ስል ጣቴ ላይ አዳለጠችኝ። አቧራው እንደ ጭቃ ተጣብቆባታል።

"ይህ ምንድን ነው? ዘይት ነው?"

"የቶንዶስ ዘይት ነዋ" አለ አባቴ። "አንዳንድ ጠብታ።"

"ብሎኑ ላይ? ለምን?"

"ምን ማለት ነው ለምን? ብረት ዘይት ካልጠጣ ይነክሳል። ቶንዶሱንም መቀሱንም በየቅዳሜው እቀባለሁ። ይህንንም እቀባለሁ።"

"አባዬ፣ ይህ እኮ እንዲዞር አይፈለግም። እንዲነክስ ነው የሚፈለገው።"

አባቴ ብሎኗን አየ፣ እኔን አየ። ፖስተኛው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ ምላጭ ያጸዳበት የነበረውን የአልኮል ጠርሙስ አመጣ። ሁለቱን ብሎኖች በአልኮል አጠበ፣ ቀዳዳዎቹን ጫፉ ላይ ጥጥ በጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ጠረገ፣ ሁሉንም ደጋግሞ አደረቀ። እንደገና ትንሿን ጣቱን በሩ ላይ አሳርፎ ብሎኖቹን አስገብቶ አጠበቀ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

"አሁን ክፈተው ዝጋው" አልኩት። "ሃያ ጊዜ።"

ከፈተ፣ ዘጋ። ፖስተኛው ይቆጥራል። አሥራ አራት ላይ እጀታው ወዝወዝ አለ። አሥራ ሰባት ላይ "ቋ" አለ።

አባቴ እጀታውን እንደያዘ ቆመ። "እንግዲህ ልጅቷ እውነቷን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አቅም የለውም።" ግን ወዲያው መልሶ ተቀመጠና መፍቻዋን አነሳ። "እንደገና።"

በዚያች ሰዓት ነበር ያየሁት። ሰበቡ ዘይቱ ብቻ አለመሆኑ ስለታወቀ፣ አምፖሉም በደንብ ስለበራ፣ እኔም ከዚህ በፊት እንደማደርገው ፊቱን ሳይሆን እጁን እያየሁ ነበር። አዞረ፣ አዞረ፣ ብሎኑ ቆመ። ግንባሩ ላይ ሥሩ እስኪወጣ ድረስ ጨመረበት፤ አቅም ያጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። ከዚያ መፍቻዋን ከማውጣቱ በፊት እጁ ወደ ኋላ መለስ አለች። ትንሽ ናት። ሩብ ዙር።

"አባዬ፣ አሁን ምን አደረግክ?"

"አጠበቅኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አወጣሁት።"

"በመሃል ወደ ኋላ መለስከው።"

"ምን ሆነሃል አንተ? አጠብቄ ልፈታው? አብጃለሁ?"

"የታችኛውን ሥራው እስቲ።"

ሠራው። አዞረ፣ ጨመረ፣ መለሰ። "ይኸው" አልኩ። "የቱ?" አለ። በእውነት አላየውም ነበር። ፖስተኛውም ጠጋ ብሎ አይቶ "መለስከው ወንድሜ፣ በዓይኔ አየሁ" አለ። አባቴ ሁለታችንንም በጥርጣሬ አየን፤ ተባብረን የምናሾፍበት መሰለው።

ሳሎን ሄጄ ከመሳቢያው የድሮ መቀሱን አመጣሁለት። "የዚህን ብሎን አጥብቀው።"

የለመደው ሥራ ስለሆነ ሳያስብ ተቀበለኝ። በትንሿ ካቻቢቴ መቀሱ መሃል ያለችውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። ከዚያ ሩብ ዙር መለሳት። መቀሱን ከፍቶ አንደኛውን ስለት ለቀቀው፤ ስለቱ በራሱ ክብደት ዝግ ብሎ ወረደና መሃል ላይ ቆመ። ልክ እንደሚገባው።

አባቴ መቀሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እጁን፣ ያችን የምትንቀጠቀጠዋን፣ ከፊቱ አንስቶ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነች ሁሉ ተመለከታት።

"መቀስ መተንፈስ አለበት" አለ። "ከጠበቀ ፀጉሩን አይቆርጥም፣ ይነጫል። ደንበኛው ይጮህብሃል። ጌታዬ ገና ሥራ ሲያስተምረኝ፣ ያልመለስኩ እንደሆነ በማበጠሪያ ጣቴን ይለኝ ነበር። አጥብቅ፣ መልስ። አጥብቅ፣ መልስ።"

"እና አርባ ዓመት..."

"ከዚያም በላይ ነው።" ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። "አቅም አጥታ አይደለም ማለት ነዋ።"

"አይደለም። በጣም አውቃ ነው።"

"እንግዲያው ታራግፈዋለች" አለና መፍቻዋን አነሳ።

ቀላል መስሎን ነበር። አልነበረም። አባቴ እያወቀ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ "አልመልስም" እያለ ያጠብቃል፤ እጁ ትመልሳለች። ጥርሱን ነከሰ፤ መለሰች። ሁለታችን "ተው" እያልነው ሠራ፤ ከ"ተው" በፊት መለሰች። ፖስተኛው "እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየደረስኩበት ቤት የፖስታ ሣጥን ስነካ ነበር" አለ፤ ሊያጽናናው ነው። ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል ሆነ። "አሁንስ እኔ ባጠብቀው" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ጠዋት ያደረግኩትን ያህል በቂ ነው።

አባቴ መዳፉን በጋዋኑ ጠረገ። ከዚያ ሌላ ነገር ሞከረ። አዞረ፣ ጨመረ፣ ብሎኑ ቆመ። እዚያው ላይ፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው አምስቱን ጣቶቹን በአንዴ ዘረጋቸው። እጁ አየር ላይ ሩብ ዙር መለሰች፤ ባዶዋን። መፍቻዋ ግን ቀዳዳዋ ውስጥ ተሰክታ እንደቆመች ቀረች። በግራ እጁ ቀስ ብሎ ነቀላት።

"ትመልስ" አለ። "አየር ትመልስ።"

የታችኛውንም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሃያ ጊዜ ከፈተ፣ ሃያ ጊዜ ዘጋ። ፖስተኛው ሃያ ብሎ ሲጨርስ አባቴ "ሃያ ጨምር" አለው። በአርባኛው እጀታው እንደ ግንብ ነበር።

እህቴ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ገባች። የያዘችው ሻንጣ አዲስና ባዶ ነበር፤ ደረጃውን ስትወጣ ከመደገፊያው ብረት ጋር ሲጋጭ ይሰማ ነበር። አባቴን ሳመችው፣ ሻንጣውን ግድግዳው ጋ አቆመች፣ ኩሽና ገብታ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ሕመምተኛ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት፤ ፍሪጁ ራሱ ተንቀሳቀሰ። እጀታው አልተንቀሳቀሰም።

አባቴ ከፈተ። መድኃኒቱን አወጣ፣ አሳያት፣ መለሰ። ዘጋ። "ቋ" የሚል አልነበረም፤ ላስቲኩ ብቻ "እፍ" ብሎ ገጠመ።

እህቴ እኔን አየችኝ። "አንተ ነህ ያጠበቅከው?"

አባቴ እኔን ቀድሞ መለሰ። "ጠዋት አጥብቆት ነበር። ፈታሁት።"

"እሺ። ዛሬ ጠብቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲላላ እኔ አልኖርም፣ እሱም አይኖርም።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ። "ይህን አስበህበታል?"

አባቴ መፍቻዋን ዘረጋላት። "ፍቺው።"

"ምን?"

"ሁለቱንም ፍቺና መፍቻዋን መልሺልኝ።"

ፈታችው። እጀታው ዘመም ብሎ ቀረ። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እሷ ስታየው እጁ ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ተንቀጠቀጠች፤ ትንሿ ጣት እንኳ በሩ ላይ ስታርፍ እንደ ከበሮ መቺ ጣት ድምፅ አወጣች። መፍቻዋ ቀዳዳውን ሳተች። ደግማ ሳተች። እህቴ ልትረዳው እጇን ስታነሳ ፖስተኛው ከወንበሩ ሆኖ "ሲስተር፣ ተራሽን ጠብቂ" አላት።

በአምስተኛው ገባች። አዞረ። ጨመረ። ጣቶቹን ዘረጋ።

"ምን ሆነ? አመመህ?" አለች እህቴ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አለ አባቴ፤ የታችኛውንም ጨረሰ።

እህቴ እጀታውን ያዘች። አንዴ ሳበችው፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሞከረችው፣ ከዚያ እግሯን አስደግፋ ሳበችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ የአባቴን ቀኝ እጅ አንስታ፣ መዳፉ ላይ መፍቻዋ የተወችውን ቀይ ምልክት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ነርስ እንደምትዳስስ አልነበረም።

"በየሳምንቱ ቅዳሜ ትደውልልኛለህ" አለች። "ከዘጋኸው በኋላ።"

"እደውላለሁ።"

"ዘይትም አይነካውም" አልኩ እኔ።

"የምን ዘይት?"

"ተይው፣ ረጅም ነው" አለ አባቴ።

ውሃ ጠማት። ወደ ፍሪጁ ዞረችና እንደ ልማዳችን የበሩን የላይኛውን ማዕዘን ልትፈለቅቅ ጣቷን ሰደደች።

"በእጀታው" አላት አባቴ።

እህቴ እጇን መለሰች። እጀታውን ይዛ ከፈተች፣ ውሃውን አወጣች፣ ዘጋችና ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ብርጭቆዋን ይዛ ሳሎን ሄደች፤ ፖስተኛው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።